ስለ ሙዚቃ መጽሔት ሽፋንና ስለ ወጣት አንባቢ ዓይን



የጥንቱ የግእዝ ጸሐፊ ብራናውን ዳምጦ፣ ብርዑን ቀርጾ ለሥራ ሲቀመጥ ሁለት ዐይነት ቀለም ከአጠገቡ ያኖር ነበር፤ አንዱ ጥቁር፣ ሁለተኛው ቀይ። በጥቁሩ ንባቡን ይጽፋል፤ በቀዩ ርእሱንና የከበሩትን ስሞች ይለያል። ከገጹ ራስጌም ሐረግ ይስላል። ይህ ሁሉ ለጌጥ ብቻ የተደረገ አልነበረም፤ የአንባቢው ዓይን ከየት እንዲጀምር፣ በምንስ ላይ እንዲቆም የሚመራ ነበር። ስለዚህ ገጽን ለዓይን ማሰናዳት ለኢትዮጵያ ሰው እንግዳ ጥበብ አይደለም።

የዚህ ንግግር ጉዳይ ግን ከብራናው እጅግ ዝቅ ያለ ነው፤ ይኸውም በአሜሪካና በእንግሊዝ አገር የሚታተሙ የሙዚቃ መጽሔቶች የፊት ሽፋን ነው። ብዙ መምህር እንዲህ ያለውን ወረቀት በተማሪ እጅ ያየው እንደ ሆነ ቀምቶ በመሳቢያ ይከተዋል። መቀማቱ ቀላል ነው። ነገር ግን የተማሪው ዓይን በዚያ ወረቀት ላይ ሲያርፍ ብቻውን አይደለም፤ ያን ወጣት አስቀድሞ ያጠና፣ ምን እንደሚወድና ምን መሆን እንደሚመኝ የገመተ አዘጋጅ ከማዶ ተቀምጧል። መምህሩ ይህን አዘጋጅ ሳያውቅ ከእርሱ ጋር ሊከራከር አይችልም።

አንድ መጽሔት ለምሳሌ ይወሰድ። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።) በ1967 ዓ.ም. በሳን ፍራንሲስኮ ከተማ ጃን ዌነር የሚባል የ21 ዓመት ወጣት ራልፍ ግሊሰን ከተባለው የታወቀ የሙዚቃ ሐያሲ ጋር ሆኖ «ሮሊንግ ስቶን» የተባለውን መጽሔት አቋቋመ። የስሙ ትርጓሜ ተንከባላይ ድንጋይ ማለት ነው። መነሻው 7,500 ዶላር ብድር ሲሆን የመጀመሪያው እትም በኖቬምበር 9 ቀን 1967 ዓ.ም. ወጣ፤ ዋጋውም 25 የአሜሪካ ሳንቲም ነበር። የስሙን ፊደል የሳለው ሪክ ግሪፊን ነው፤ እርሱም በዚያች ከተማ የሙዚቃ ድግስ ማስታወቂያ በመሳል የታወቀ ሠዓሊ ነበር። እንግዲህ የከተማው ወጣት አዲሱን መጽሔት ገና ሳይገልጥ፣ በየግድግዳው ላይ የለመደውን የፊደል አጣጣል አይቶ «ይህ የእኛ ነው» ለማለት ይችል ነበር።

በዚያ ሽፋን ላይ የታየው የእንግሊዙ ዘፋኝ ጆን ሌነን ነው። ነገር ግን ጊታር አልያዘም፤ የወታደር ቁር ደፍቶ፣ ክብ መነጽር አድርጎ ነበር፤ ፎቶግራፉ እርሱ በተጫወተበት፣ ጦርነትን በሚሳለቅ ፊልም ላይ የተነሣ ነው። በዚያ ዘመን አሜሪካ በቬትናም ትዋጋ ነበር፤ ወጣቶቿም ለጦር ይመለመሉ ነበር። በዘፋኝ ራስ ላይ የወታደር ቁር ማየት ለእነርሱ ተራ ነገር አልነበረም። አዘጋጆቹ ይህን ሁሉ አስበውበት ይሁን ወይም የተገኘውን ፎቶግራፍ አትመው ይሁን፣ ሽፋኑ መጽሔቱ ስለ ዘፈን ብቻ እንደማይናገር ያለ አንድ ቃል አስታወቀ።

ከዚህ ቀጥሎ ስለ አሠራሩ ጥቂት መናገር ይገባል። ሻጭ መጽሔቶቹን በመደርደሪያው ላይ ሲያኖር አንዱን በሌላው ላይ ይደርበዋል፤ የሚታየውም የላይኛው ክፍል ወይም የግራው ጠርዝ ብቻ ነው። ስለዚህ ስሙ ከላይ ይውላል። የዘፋኙም ፊት ከገጹ እኩሌታ በላይ ይሆናል፤ ዓይኖቹም ቀጥ ብለው ተመልካቹን ያያሉ። ሰው ወደ እርሱ የሚመለከተውን ፊት ችላ ብሎ ማለፍ ይከብደዋልና፣ መንገደኛው ሳያስበው ይቆማል። አንዳንድ ጊዜ የዘፋኙ ራስ የመጽሔቱን ስም በከፊል ይጋርደዋል። ይህ የማተሚያ ቤት ስሕተት አይደለም፤ ስማችን ግማሹ ቢሸፈንም ይታወቃል የሚል ኩራት ነው። ትናንት የተቋቋመ መጽሔት ይህን አይደፍርም።

ሽፋኑ ሁሉን አይጠራም፤ የራሱን ሰው ብቻ ነው የሚጠራው። በ1981 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር የተጀመረው «ኬራንግ» ኀይለኛ የኤሌክትሪክ ጊታር ለሚወዱ ነው፤ ስሙ ራሱ የጊታሩ ጩኸት ነው፤ ፊደሎቹም ተመትቶ እንደ ተሰነጠቀ መስተዋት ሆነው ይታያሉ። ከእርሱ ጥቂት ቀድሞ በ1978 ዓ.ም. የተጀመረው «ስማሽ ሂትስ» ደግሞ የዘፈኖችን ግጥም እያተመ ለልጆችና ለጎረምሶች ይሸጥ ነበር፤ ቀለሙ ደማቅ፣ ፊቱ ፈገግተኛ፣ አነጋገሩም እንደ እኩያ ጓደኛ ነበር። በ1993 ዓ.ም. የወጣው «ሞጆ» በአንጻሩ የቀድሞ ዘመን ዘፋኞችን በወጣትነታቸው መልክ ያሳያል፤ የሚጠራው ዕድሜው የገፋውን፣ የልጅነቱን ዜማ የሚናፍቀውን ሰው ነው። ስለዚህ የሽፋኑን ፊት ያየ ሰው ዘፋኙን ብቻ ሳይሆን የገዢውን ዕድሜ ጭምር ሊገምት ይችላል።

በኢትዮጵያ ይህን ሥራ ለረጅም ጊዜ የሠራው መጽሔት ሳይሆን የካሴት ሽፋን ነው። በየሙዚቃ ቤቱ መስኮት የተሰቀለው የዘፋኝ ፎቶግራፍ፣ ጎልቶ የተጻፈው ስም፣ የለበሰው የአገር ልብስ ወይም የከተማ ኮት፣ ከበስተኋላው የሚታየው ተራራ ወይም አበባ፣ ሁሉም ገዢውን ለይቶ ይጠራ ነበር። መጽሔት ያላየ ተማሪ ቢኖር መምህሩ ከዚህ ሊጀምር ይችላል፤ እንዲያውም ይህ ይሻላል።

አንዳንድ ጊዜ የሽፋን ኀይል በዝምታው ይገለጣል። በዲሴምበር 8 ቀን 1980 ዓ.ም. አኒ ሊቦቪትዝ የተባለችው ፎቶግራፍ አንሺ ጆን ሌነንን ከባለቤቱ ከዮኮ ኦኖ ጋር አነሣች፤ በዚያው ምሽት ሌነን በኒው ዮርክ በጥይት ተገደለ። «ሮሊንግ ስቶን» በጃንዋሪ 1981 ዓ.ም. ያን ፎቶግራፍ ሲያወጣ ከመጽሔቱ ስም በቀር አርእስት አልጨመረበትም። ሌነን ዕርቃኑን እንደ ሕፃን ተኰራምቶ ሚስቱን አቅፎ ይታያል። የሥዕሉ ጨዋነት ሊያከራክር ይችላል፤ አዘጋጆቹ ቃል ከሐዘኑ እንደሚያንስ መረዳታቸው ግን አያከራክርም። የአሜሪካ የመጽሔት አዘጋጆች ማኅበር በ2005 ዓ.ም. ያለፉትን 40 ዓመታት ሽፋኖች ሲያወዳድር አንደኛ ያደረገው ይህን ነው።

ለመምህር ከሁሉ የበለጠ ትምህርት ያለው ግን የ2013 ዓ.ም. ጉዳይ ነው። በዚያ ዓመት በአፕሪል 15 ቀን በቦስተን ከተማ በሩጫ ውድድር ላይ በፈነዳ ቦምብ 3 ሰዎች ሞቱ፤ ከ260 በላይም ቈሰሉ። በኋላ «ሮሊንግ ስቶን» ከወንጀለኞቹ የአንዱን የ19 ዓመት ወጣት ፎቶግራፍ በሽፋኑ አወጣ። ጸጉሩ የተንዘረፈፈ፣ ዓይኑ ለስላሳ፣ መልኩ ያማረ ነው። ከሥሩ የታተመው አርእስት አውሬ ይለዋል፤ በውስጥ ያለውም ጽሑፍ ጠንካራ ምርመራ ነበር። ሆኖም ቍጣ ተነሣ፤ የቦስተን ከንቲባ የተቃውሞ ደብዳቤ ጻፈ፤ ትልልቅ የሱቅ ድርጅቶችም መጽሔቱን አንሸጥም አሉ። የሚያስደንቀው ይህ ነው፤ ያው ፎቶግራፍ ከጥቂት ወራት በፊት በ«ኒው ዮርክ ታይምስ» ጋዜጣ የፊት ገጽ ላይ ወጥቶ እንዲህ ያለ ጩኸት አላስነሣም ነበር። ሥዕሉ አልተለወጠም፤ የተለወጠው ቦታው ነው። ከ40 ዓመት በላይ የዘፈን ጀግኖች ሲነግሡበት የኖረ ዙፋን ላይ የተቀመጠ ሁሉ፣ ከሥሩ ምንም ቢጻፍ፣ ጀግና ይመስላል። አርእስቱ አውሬ ሲል ቦታው ኮከብ አለ፤ የሕዝቡም ዓይን ከአርእስቱ ይልቅ ቦታውን አነበበ። አዘጋጆቹ ክፋት ተራ መልክ እንዳለው ለማሳየት አስበው ይሆናል፤ ሐሳቡም እውነት ነው፤ ነገር ግን የገዛ ሽፋናቸው ለብዙ ዘመን ምን ሲል እንደ ኖረ የዘነጉ ይመስላል።

ዛሬ ብዙው መጽሔት ከመደርደሪያው እየወረደ ነው። «ኤን ኤም ኢ» የተባለው የእንግሊዝ ሳምንታዊ በ1952 ዓ.ም. ተጀምሮ በ2018 ዓ.ም. ሳምንታዊ ኅትመቱን አቆመ፤ «ሮሊንግ ስቶን»ም በዚያው ዓመት በየሁለት ሳምንቱ መውጣቱን ትቶ ወርኀዊ ሆነ። ተማሪው አሁን የሚያየው በስልክ ላይ ከክብሪት ሣጥን ያነሰ ሥዕል ነው። በዚያ ጠባብ ቦታ ንኡሳን አርእስት አይነበቡም፤ ፊቱና አንድ ደማቅ ቀለም ብቻ ይቀራሉ።

በመምህራን ማሠልጠኛ ትምህርት ቤት ሊሞከር የሚገባው ሥራ ብዙ ወጪ የለውም። ሦስት ወይም አራት አሮጌ ሽፋኖች ይሰበሰባሉ፤ ስማቸው በወረቀት ይሸፈናል። ሰልጣኞቹ እያንዳንዱ ለማን እንደ ተዘጋጀ፣ ዕድሜውን፣ ኪሱንና ምኞቱን ጭምር ይጽፋሉ፤ ምክንያቱንም ከቀለሙ፣ ከፊደሉና ከዓይኑ አቅጣጫ ያሳያሉ። ከዚያ በኋላ የአንዱ ሽፋን ፎቶግራፍ ተቈርጦ በሌላው ላይ ይለጠፋል፤ ትርጉሙም ምን ያህል እንደ ተለወጠ ይጠየቃሉ። በመጨረሻ የሚቀርበው ጥያቄ ጊዜ ሊሰጠው ይገባል፤ ይኸውም ከሽፋኖቹ በአንዱም ያልተጠራው ወጣት ማን ነው የሚለው ነው።