የአንበጣ ዝላይ፦ ጡንቻ፣ ቅርፊትና ጊዜ



አንበጣ በአገራችን የሚታወቀው በክንፉና በመንጋው ነው። በ2012 ዓ.ም. በሰብል ላይ ያደረሰውን ጥፋት የምንረሳ አይመስለኝም። ዛሬ የምናገረው ግን ስለ ኋላ እግሩ ነው። ክንፍ ያላወጣው ኩብኩባ ከስፍራ ወደ ስፍራ የሚጓዘው በእግሩ ብቻ ነውና፣ የዚህን እግር አሠራር መመርመር ለተራ ጉጉት ብቻ የሚደረግ አይደለም።

ከአንድ ቀላል ስሌት እንነሣ። 2 ግራም የሚመዝን የበረሃ አንበጣ ሲዘል በሰከንድ 3 ሜትር ገደማ ፍጥነት ይዞ ከመሬት ይነሣል። የእንቅስቃሴ ኢነርጂው 9 ሚሊ ጁል ይሆናል ማለት ነው። እግሩ የሚዘረጋው በ30 ሚሊ ሰከንድ ያህል ስለሆነ፣ በአማካይ 0.3 ዋት ማውጣት አለበት። ይህን ሥራ የሚሠሩት የሁለቱ ጭኖች ዘርጊ ጡንቻዎች በድምሩ ሩብ ግራም እንኳ አይሞሉም። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ኪሎ ግራም ጡንቻ ከ1000 ዋት በላይ ያስፈልጋል። ጡንቻ ግን በቀጥታ ሊያወጣ የሚችለው ጥቂት መቶ ዋት ብቻ ነው። «አንበጣ የሚዘለው ጡንቻው ብርቱ ስለሆነ ነው» የሚለው የተለመደ መልስ እዚህ ላይ ይወድቃል።

ታዲያ ጉድለቱ በምን ይሞላል? ደጋን የሚስብ ሰው ክንዱ ፍላጻውን ደጋኑ በሚወረውርበት ፍጥነት ሊወረውር አይችልም። ክንዱ ቀስ ብሎ ይስባል፤ ደጋኑ ኢነርጂውን ያከማቻል፤ ጣቶቹ ሲለቁ የተከማቸው ሁሉ በቅጽበት ይወጣል። አንበጣም የሚያደርገው ይህንኑ ነው። አስቀድሞ ቅልጥሙን ከጭኑ ሥር አጥብቆ ያጥፋል። ከዚያ አጣፊውና ዘርጊው ጡንቻ በአንድነት ይኮማተራሉ። ይህ ዝግጅት እስከ ግማሽ ሰከንድ ሊወስድ ይችላል፤ እግሩ ግን ከታጠፈበት አይንቀሳቀስም። በዚህ ጊዜ በጉልበቱ ግራና ቀኝ ያሉት የግማሽ ጨረቃ ቅርጽ ያላቸው ቅርፊቶችና የዘርጊው ጡንቻ ጅማት እየተለጠጡ ኢነርጂ ያከማቻሉ። ቤኔት-ክላርክ በ1975 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት ይህንን ክምችት በልኬት አሳይቷል።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ይነሣል፤ አጣፊው ጡንቻ ከዘርጊው እጅግ ያነሰ ሆኖ ሳለ እንዴት ይቋቋመዋል? መልሱ ያለው በመገጣጠሚያው ቅርጽ ነው። እግሩ ሙሉ በሙሉ ሲታጠፍ አጣፊው ጡንቻ የሚስበው ረጅም ክንድ ባለው ማንሻ ሲሆን፣ የዘርጊው ክንድ ግን በጣም ያጥራል። በተጨማሪም የአጣፊው ጅማት በጭኑ ጫፍ ውስጥ ካለች እብጠት ላይ ተጠምዶ ይያዛል። አነስተኛው ጡንቻ ታላቁን የሚገታው በዚህ ነው።

በመጨረሻም ነርቭ አጣፊውን ጡንቻ እንዲላላ ያደርገዋል፤ እግሩም ይፈነጠራል። ዝላዩን የሚያስጀምረው አዲስ መሳብ ሳይሆን መልቀቅ መሆኑን ልብ በሉ። ይኸው እግር በእርምጃ ጊዜ ሌላ ሥርዓት አለው፤ ሁለቱ ጡንቻዎች ተራ በተራ ይሠራሉ፤ ይህን የመሰለ ክምችትም አያስፈልግም። የአካሉ ክፍሎች አንድ ናቸው፤ ልዩነቱ ያለው በትእዛዛቱ ቅደም ተከተል ላይ ነው።

ይህ ብልሃት ዋጋ ይጠይቃል። ያለ ዝግጅት ሙሉ ዝላይ የለም፤ ግማሽ ሰከንድ ደግሞ አዳኝ ወፍ ለቀረበበት አንበጣ ረጅም ጊዜ ነው።

ለእናንተ ለተማሪዎች የምተወው ቁም ነገር ይህ ነው፦ የእንስሳን እንቅስቃሴ ስታጠኑ ጡንቻውን ብቻ መዝናችሁ አትመለሱ። ቅርፊቱን፣ የመገጣጠሚያውን ቅርጽና የነርቩን ጊዜ አብራችሁ መርምሩ። ትንንሽ ሮቦቶችን ለመሥራት የምታስቡም ብትሆኑ፣ የሞተራችሁ አቅም ሲያንስ ትልቅ ሞተር ከመፈለጋችሁ በፊት ኢነርጂውን የት ልታከማቹት እንደምትችሉ ጠይቁ።