የድርጅታችን ኢሜይል የት ያድራል?
ስለ ኢሜይል ሰርቨር ማከማቻና መጠባበቂያ አመራረጥ ለአነስተኛ ድርጅት ባለቤቶች የተሰጠ ንግግር



ይህን የምነግራችሁ ድርጅት ላላችሁ፣ ወይም በድርጅት ውስጥ ኮምፒዩተሩን እንድትጠብቁ አደራ ለተሰጣችሁ ነው። ሥራችሁ ጽዳት ይሁን ትራንስፖርት፣ የሒሳብ ቢሮ ይሁን የምግብ ዝግጅት፣ ውሉም፣ የዋጋ ማቅረቢያውም፣ ደንበኛው «ተስማምቻለሁ» ያለበት ቃልም ዛሬ የሚገኘው በኢሜይል ውስጥ ነው። ስለሆነም «ኢሜይላችን የት ያድራል? ቢጠፋስ ከየት ይመጣል?» ብሎ መጠየቅ የቴክኒሻኑ ብቻ ሳይሆን የባለቤቱም ጉዳይ ነው።

ዕቃ ሻጩ ዘንድ ስትሄዱ መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ «ስንት ቴራባይት ትፈልጋላችሁ?» ብሎ ነው። ይህ ግን የመጨረሻው ጥያቄ ነው። ከእርሱ በፊት ሁለት ጥያቄዎችን ለራሳችሁ መልሱ። አንደኛው፦ አደጋ ቢደርስ የስንት ሰዓት ደብዳቤ ቢጠፋብን እንችለዋለን? ሁለተኛው፦ ያለ ኢሜይል ስንት ቀን መሥራት እንችላለን? ቅጂ የምትወስዱት በየሌሊቱ ከሆነ፣ ሊመሽ ሲል የደረሰ ብልሽት የዚያን ቀን ደብዳቤ በሙሉ ይዞ ይሄዳል። ይህን የሚችል ድርጅት አለ፤ በየሰዓቱ ትእዛዝ የሚቀበል ግን አይችለውም። መልሱን በወረቀት ጽፋችሁ ለሻጩ ስጡት፤ ያን ጊዜ የሚያቀርብላችሁ ዕቃም ይለወጣል።

አሁን ወደ ዲስኩ እንምጣ። ኢሜይል የራሱ ጠባይ አለው። ፊልም ማስቀመጥ አንድ ትልቅ ጆንያ እንደ ማስቀመጥ ነው፤ ኢሜይል ግን በመቶ ሺህ የሚቆጠር ጥቃቅን ነገር ነው። ሜይልዲር በሚባለው አቀማመጥ እያንዳንዱ ደብዳቤ ለብቻው አንድ ፋይል ሲሆን፣ ኤምቦክስ በሚባለው በቀድሞው አቀማመጥ ደግሞ የአንድ ሳጥን ደብዳቤ ሁሉ በአንድ ረጅም ፋይል ተቀጣጥሎ ይቀመጣል። ልዩነቱ በቅጂ ጊዜ ይታያል። በሜይልዲር ዛሬ የገቡትን 50 ደብዳቤዎች ብቻ መቅዳት ይበቃል፤ በኤምቦክስ ግን አንዲት ደብዳቤ ስለተጨመረች 5 ጊጋባይት የሚሆነው ፋይል ሁሉ እንደ አዲስ ሊቀዳ ይችላል።

በደቂቃ 7200 ጊዜ የሚሽከረከር ዲስክ፣ እንዲህ የተበታተነ ነገር ሲሆንበት በሰከንድ ማንበብ ወይም መጻፍ የሚችለው ወደ 100 ጊዜ ገደማ ነው። የማይሽከረከረው፣ ኤስኤስዲ የሚባለው፣ በአሥር ሺዎች ይችላል። 40 ሠራተኞች ቢኖሯችሁና ለእያንዳንዱ 10 ጊጋባይት ብትመድቡ፣ ድምሩ 400 ጊጋባይት ብቻ ነው። በመሆኑም ትላልቅ የሚሽከረከሩ ዲስኮችን ከመደርደር፣ ባለ 1 ቴራባይት ሁለት ጥሩ ኤስኤስዲ ገዝቶ አንዱን የሌላው መስታወት ማድረግ ይሻላል ባይ ነኝ። ይህ መስታወትነት ሬይድ 1 ይባላል።

ሬይድ ማለት ብዙ ዲስኮችን አጣምሮ እንደ አንድ ማሠራት ሲሆን፣ ስያሜውን በ1988 በጽሑፍ ያወጡት በካሊፎርኒያ የበርክሊ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ፓተርሰን፣ ጊብሰንና ካትስ ናቸው። ሻጮች በአብዛኛው የሚያቀርቡት ሬይድ 5 የተባለውን ነው፤ ቦታ ይቆጥባልና። ነገር ግን አንዱ ዲስክ ሲሞት በምትኩ የገባው እስኪሞላ ድረስ የቀሩት ሁሉ መነበብ አለባቸው። 12 ቴራባይት የሚይዝ ዲስክ፣ በሰከንድ 200 ሜጋባይት ቢጻፍበት እንኳ፣ ለመሙላት ወደ 17 ሰዓት ይፈጃል፤ ሰርቨሩ እየሠራ ከሆነ ከዚያም ይረዝማል። በዚያ መካከል ሁለተኛው ቢሞት ሁሉም ጠፋ ማለት ነው። ዲስኮቹ ደግሞ በአንድ ቀን ተገዝተው በአንድ ላይ የሚያረጁ ናቸው። ትላልቅ ዲስኮች የግድ ካስፈለጓችሁ ሬይድ 6 ወይም ሬይድ 10 ጠይቁ።

እዚህ ላይ ቆም ብላችሁ ስሙኝ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ሬይድ በዕብራይስጥ ጊቡይ የምንለው መጠባበቂያ አይደለም! መስታወት የፊቱን ብቻ ነው የሚያሳየው። ሠራተኛው በስህተት ቢሰርዝ ከሁለቱም በአንድ ቅጽበት ይሰረዛል። ቤዛ የሚጠይቀው ቫይረስ ቢገባ ሁለቱንም ይቆልፋቸዋል። ሬይድ የሚያድናችሁ አንድ ዲስክ በሞተ ጊዜ ሥራ እንዳይቋረጥ ብቻ ነው።

ለዚህ ምስክር የሚሆን ታሪክ አለ። እ.ኤ.አ. በፌብሯሪ 2011 ጂሜይል ላይ በደረሰ የሶፍትዌር ስህተት 0.02 በመቶ ያህሉ ተጠቃሚዎች ሳጥናቸው ባዶ ሆኖ ተገኘ። ጉግል የእያንዳንዱን ሰው ደብዳቤ በተለያዩ ቦታዎች ደጋግሞ ያስቀምጥ ነበር፤ ስህተቱ ግን ቅጂዎቹንም ነካ። ደብዳቤዎቹ የተመለሱት ብዙዎች «ያረጀ ነገር» ከሚሉት ከቴፕ ላይ ነው፤ ቴፑ ከሰርቨሩ ጋር አልተያያዘምና ስህተቱ አልደረሰበትም።

በተቃራኒው፣ ከ2001 ጀምሮ ይሠራ የነበረው ቪኤፍኢሜይል የተባለ የአሜሪካ ኢሜይል አቅራቢ በፌብሯሪ 2019 ጥቃት ሲደርስበት፣ አጥፊው በአሜሪካ የነበሩትን ሰርቨሮች ከነመጠባበቂያቸው ደመሰሰ። የብዙ ዓመታት ደብዳቤ በዚያው ቀረ። በጁን 2017 ደግሞ ማርስክ የተባለው ግዙፍ የመርከብ ኩባንያ ኖትፔትያ በተባለው ቫይረስ ሲመታ፣ የሠራተኞቹን ስምና ፈቃድ የሚይዙት ዋና ሰርቨሮች በዓለም ዙሪያ ጠፉ። አንድ ብቻ በጋና ተረፈ። የተረፈው ታዲያ በብልሃት አልነበረም፤ በዚያች ሰዓት መብራት ጠፍቶ ከመስመር ውጭ ስለነበረ ነው።

በአገር ቤት ገበሬ የነበራችሁ ነገሩን ከእኔ ይልቅ ታውቁታላችሁ፤ ለዘር የሚሆነው እህል ከሚበላው ተለይቶ ይቀመጥ ነበር እንጂ በአንድ ጎታ ውስጥ አይደባለቅም።

እንግዲህ ምን እንምረጥ? በሙያው ሰዎች ዘንድ የታወቀ ደንብ አለ፦ ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ዕቃ ላይ፣ አንዱ ከቢሮው ውጭ። ለአነስተኛ ድርጅት እንዲህ ይሆናል። አንደኛው ራሱ ሰርቨሩ ነው። ሁለተኛው በዚያው ቢሮ ያለ፣ ለብቻው የሆነ የመጠባበቂያ ማሽን ነው። ይህ ማሽን ራሱ ወደ ሰርቨሩ ሄዶ ቅጂውን ይውሰድ እንጂ ሰርቨሩ ወደ እርሱ እንዲገባ አይፈቀድለት፤ የይለፍ ቃሉም የተለየ ይሁን። ሰርቨሩን የሰበረ ሌባ በዚያው መንገድ መጠባበቂያው ውስጥ እንዳይገባ ነው። ሦስተኛው ከቢሮው ውጭ የሚያድረው ነው፦ በየሳምንቱ የሚለዋወጡ ሁለት ተንቀሳቃሽ ዲስኮች፣ ወይም ለተወሰነ ጊዜ እንዳይሰረዝ ተቆልፎ በክላውድ የሚቀመጥ ቅጂ። ከቻላችሁ ሁለቱንም አድርጉ። ቴፕ መልካም ነው፤ ማንበቢያው ግን ውድ ስለሆነ ለ400 ጊጋባይት አልመክራችሁም።

«ከቢሮው ውጭ» ማለት ሌላ ክፍል ማለት አይደለም። ማርች 10 ቀን 2021 በፈረንሳይ ስትራስቡርግ ከተማ የኦቪኤች ኩባንያ የኮምፒዩተር ማዕከል ሲቃጠል፣ መጠባበቂያቸውን በዚያው ግቢ ያስቀመጡ ደንበኞች ሁለቱንም አጡ። እኛም አገር በጁን 2025 በሬሆቮት የቫይስማን ተቋም ሚሳይል ሲመታ፣ የቤተ ሙከራ ሰዎች የዓመታት ሥራቸው ሲጠፋ አይተናል። ስለዚህ ሌላ ከተማ ይሁን። የማስ ሀክናሳ የሒሳብ አያያዝ ደንብም ሒሳቡን በኮምፒዩተር የሚይዝ ነጋዴ በየሩብ ዓመቱ የመጀመሪያ ሳምንት ቅጂ ወስዶ ከንግዱ ቦታ ውጭ እንዲያስቀምጥ ያዛል። ለሒሳቡ ስታደርጉት ለኢሜይሉም ማድረግ ብዙ ተጨማሪ ድካም የለውም።

የቆዩ ቅጂዎችን በየቀኑ እየደመሰሳችሁ በአዲስ አትተኩ። የተሰረዘ ደብዳቤ የሚፈለገው አብዛኛውን ጊዜ ከወራት በኋላ፣ ክርክር ሲነሳ ነው። 90 ቀን ወደ ኋላ መመለስ ብትችሉ ጥሩ ነው፤ በየዓመቱ መጨረሻ የሚወሰድ አንድ ቅጂ ደግሞ ለብቻው ይቀመጥ።

«እኛ ሰርቨር የለንም፣ ኢሜይላችን ማይክሮሶፍት ዘንድ ነው» የምትሉም አላችሁ። ዲስክ የመግዛቱ ጣጣ ቀርቶላችኋል፤ የመሰረዙ ግን አልቀረም። ከተሰረዙት ማኅደር ጭምር የወጣ ደብዳቤ በተለመደው አሠራር 14 ቀን፣ ቢበዛ እስከ 30 ቀን ይቆያል፤ ከዚያ ወዲያ አይገኝም። የተቀየመ ሠራተኛ ሳጥኑን አራግፎ ቢሄድ፣ እናንተም በወሩ ብታውቁት፣ የራሳችሁ ቅጂ ከሌለ ምንም አይደረግም። ኤክስቼንጅ 2016 ወይም 2019 በቢሮአችሁ ያላችሁ ደግሞ የማይክሮሶፍት መደበኛ ድጋፍ ኦክቶበር 14 ቀን 2025 ማብቃቱን አስታውሱ፤ አዲስ ማከማቻ ከመግዛታችሁ በፊት ፕሮግራሙን ስለመለወጥ ምከሩ። የኤክስቼንጅ ቅጂ ኤክስቼንጅን በሚያውቅ ፕሮግራም ይወሰድ፤ እየሠራ ያለውን ፋይል እንዲሁ ብትቀዱት የማይከፈት ሊሆን ይችላል።

አሁን ከሁሉ የሚከብደውን ልንገራችሁ። ጊትላብ የተባለው የሶፍትዌር ኩባንያ በጃንዋሪ 31 ቀን 2017 አንድ ሠራተኛው በስህተት የዋናውን ሰርቨር መረጃ ሰረዘ። አምስት ዓይነት መጠባበቂያ ነበራቸው፤ ሲሄዱባቸው አንዱም እንደታሰበው አልሠራም። ቅጂው ሳይወሰድ ሲቀር ማስጠንቀቂያ በኢሜይል ይላክ ነበር፤ ኢሜይሉ ግን በተቀባዩ በኩል ተመልሶ ስለቀረ ማንም አላየውም። ያዳናቸው ከ6 ሰዓት በፊት ለሌላ ጉዳይ የተወሰደ ቅጂ ነው፤ የ6 ሰዓት ሥራ ግን ጠፋ።

ስለዚህ «ቅጂ አለን» የሚላችሁን ቴክኒሻን «መልሰህ አሳየኝ» በሉት። በየወሩ አንዲት ደብዳቤ፣ በየሦስት ወሩ የአንድ ሠራተኛ ሙሉ ሳጥን፣ በዓመት አንድ ጊዜ ደግሞ ሰርቨሩ በሙሉ በሌላ ማሽን ላይ ይመለስ። ሰዓት ይዛችሁ ቁጠሩ። በመጀመሪያ በወረቀት ላይ «አንድ ቀን» ብላችሁ ከጻፋችሁና መመለሱ ሦስት ቀን ከፈጀ፣ ወይ ዕቃው ይለወጥ ወይ ወረቀቱ ይታረም።

ከቢሮ የሚወጣው ዲስክ በምስጢር ቁልፍ ይቆለፍ፤ መንገድ ላይ ቢጠፋ የደንበኞቻችሁ ደብዳቤ የማንም መጫወቻ እንዳይሆን። ቁልፉ ግን በሰርቨሩ ውስጥ ብቻ አይቀመጥ፤ ሰርቨሩ ሲሞት አብሮ ይሞታልና። በወረቀት ታትሞ በታሸገ ፖስታ በሁለት ሰዎች እጅ ይሁን፤ አንደኛው የድርጅቱ ባለቤት፣ ሁለተኛው ከቴክኒሻኑ ሌላ የሆነ ሰው።