የአቀንጭራ ነገርና የፕሮፌሰር ገቢሳ እጀታ መንገድ

(በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ላይ በአንድ የልማት ጣቢያ ሠራተኛ የቀረበ ንግግር)





አዘጋጅ ኮሚቴው «ስለ ማሽላ አመራረት ጥቂት ተናገር» ብሎኝ ነበር። እናገራለሁ። ነገር ግን በመስመር መዝራትንና የማዳበሪያ መጠንን በየስብሰባው ስነግራችሁ ስለከረምኩ ዛሬ በሌላ በር ልግባ። ስለ አንድ ሰው ልናገር።

ምክንያቱን አልደብቅም። በግንቦት ወር የዲግሪ ትምህርት ዕድል ማግኘቴ በቀበሌያችን ተሰማ። ማሳቸው ከማሠልጠኛ ማዕከሉ አጠገብ የሆነ አንድ አባታችን መንገድ ላይ አገኙኝና «እንኳን ደስ ያለህ ልጄ» አሉኝ። ትንሽ ዝም ብለው ቆዩና «እንግዲህ አንተም ሄድክ ማለት ነው። ከአንተ በፊት የነበሩትም እንዲሁ ነው የሄዱት። እኔና አቀንጭራው ግን እዚሁ ነን» አሉ። መልስ አጣሁ። ዛሬ የምናገረው እሳቸው ፊት ያልመለስኩትን ነው፤ እዚህም መካከላችን ተቀምጠዋል።

ፕሮፌሰር ገቢሳ እጀታ የተወለዱት እ.ኤ.አ. በ1950 በምዕራብ ሸዋ፣ ኦሎንኮሚ በምትባል ቦታ፣ ወለሉ አፈር በሆነ አንድ ክፍል የሣር ጎጆ ውስጥ ነው። እናታቸው ልጃቸው እንዲማር ብርቱ ፍላጎት ነበራቸው። በልጅነታቸው እሑድ ማታ 20 ኪሎ ሜትር ያህል በእግራቸው ተጉዘው ሳምንቱን ሲማሩ ይሰነብቱና ዓርብ ወደ ቤት ይመለሱ ነበር። ከዚያ ጅማ እርሻና ቴክኒክ ትምህርት ቤት ገቡ። ቀጥሎም በዛሬ ስሙ ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ከሆነው ከአለማያ እርሻ ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ1973 በዕፅዋት ሳይንስ ተመረቁ። በዚያው ዓመት ዶክተር ጆን አክስቴል የተባሉ የአሜሪካው ፑርዱ ዩኒቨርሲቲ የማሽላ ተመራማሪ የአገራችንን የማሽላ ዝርያዎች ሊሰበስቡ ሲመጡ ወጣቱ ገቢሳ አብረዋቸው ዞሩ። ፑርዱም የገቡት በዚህ ምክንያት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1978 በዕፅዋት ማዳቀል የዶክትሬት ዲግሪያቸውን ያዙ።

እስከዚህ ድረስ ያለው አባታችን የተናገሩትን የሚያረጋግጥ ይመስላል። የተማረ ሄደ። የሚቀጥለው ግን ሌላ ነው።

እኚህ ሰው ዶክትሬታቸውን እንደያዙ አሜሪካ አልቀሩም። ኢክሪሳት ለተባለው በደረቅ አካባቢ ሰብሎች ላይ ለሚሠራ ዓለም አቀፍ የምርምር ተቋም ተቀጥረው ወደ ሱዳን መጡ። በሱዳን እርሻዎች ላይ ብዙ የማሽላ ዘሮችን እያዳቀሉ ሲሞክሩ ቆይተው ድርቅን የሚቋቋም «ሀጊን ዱራ 1» የተባለ ድቅል ማሽላ እ.ኤ.አ. በ1983 ለገበሬው እንዲለቀቅ አበቁ። ስሙ በዐረብኛ «ድቅል ማሽላ» ማለት ነው። እዚህ ላይ የሕብረት ሥራ ሰዎች ልብ እንድትሉልኝ የምፈልገው ነገር አለ። የድቅል ዘር በየዓመቱ እንደ አዲስ መመረት አለበት፤ ከጎተራ አውጥቶ መልሶ መዝራት አያዋጣም። ስለዚህ ሱዳን ውስጥ ዘሩን የሚያባዛና የሚሸጥ አሠራር አብሮ መቋቋም ነበረበት። እሱ ባይኖር ኖሮ ያ ሁሉ ምርምር መጽሔት ላይ ቀርቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1999 ይህ ማሽላ 400 ሺህ ሄክታር ያህል መሬት ላይ ደርሶ ነበር።

ከሱዳን በኋላ እ.ኤ.አ. በ1984 ወደ ፑርዱ ተመልሰው መምህር ሆኑ። ማስተማሩን ከያዙ በኋላም ማሳውን አልተዉትም። በዓለም አቀፍ የልማት ፕሮጀክቶች አማካይነት ኒጀርና ኢትዮጵያ፣ ሱዳንና ሌሎችም አገሮች ሲመላለሱ፣ የአፍሪካ ልጆችንም በማሽላ ማዳቀል ሲያስተምሩ ኖረዋል። ወደ እኛ ችግር የመጡትም በዚህ ጊዜ ነው።

አቀንጭራን ለእናንተ ማስተዋወቅ ለቀባሪው ማርዳት ነው። ቢሆንም ጠባዩን እንደገና እንየው። ዘሩ እንደ አቧራ የደቀቀ ነው። አንድ ተክል በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ዘር ይጥላል፤ ዘሩም አፈር ውስጥ 10 ዓመትና ከዚያ በላይ ሳይሞት ይቆያል። ዝም ብሎም አይበቅልም። የማሽላው ሥር የሚያመነጨው ንጥረ ነገር አለ፤ አቀንጭራው የሚነቃው ያንን ሲያገኝ ብቻ ነው። ነቅቶ ሥሩ ላይ ይጣበቅና ውሃውንም ምግቡንም ይጠባል። ሐምራዊ አበባው ሲታይ እኛ «አቀንጭራ መጣ» እንላለን፤ ትልቁን ጉዳት ያደረሰው ግን ገና መሬት ውስጥ ሳለ ነው። መሬቱ ለምነቱን ሲያጣ ደግሞ ማሽላው ያንን መቀስቀሻ አብዝቶ ያመነጫል። በደከመ መሬት ላይ የሚበረታብን ለዚህ ነው።

ፕሮፌሰር ገቢሳና የሥራ ባልደረባቸው የባዮኬሚስትሪ ምሁሩ ዶክተር ላሪ በትለር ያደረጉት ነገር ሲነገር ቀላል ይመስላል። አቀንጭራው ማሽላውን የሚይዝበትን መንገድ ደረጃ በደረጃ ከፋፍለው አጠኑት። ከዚያም መቀስቀሻውን በጥቂቱ ብቻ የሚያመነጩ የማሽላ ዓይነቶችን ለይተው አገኙ። እንዲህ ያለ ማሽላ ሲዘራ አቀንጭራው ከአጠገቡ ተኝቶ ይቀራል። ይህንን ጠባይ ጥሩ ምርት ከሚሰጡ ዘሮች ጋር አዳቀሉት። እ.ኤ.አ. በ1994 ስምንት ቶን ዘር ተባዝቶ በወርልድ ቪዥንና አባቶቻችን ግሎባል 2000 እያሉ በሚጠሩት በሳሳካዋ ድርጅት አጋዥነት ኢትዮጵያን ጨምሮ ለ12 የአፍሪካ አገሮች ተላከ። በአገራችን ጎብዬ፣ አብሽርና ብርሃን የሚባሉት የማሽላ ዘሮች የዚህ ሥራ ልጆች ናቸው። ፕሮፌሰሩ እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን፣ በ2023 ደግሞ የአሜሪካን ብሔራዊ የሳይንስ ሜዳልያ ተቀብለዋል። ሽልማቱን በዚሁ ልለፈው፤ ለእኛ የሚጠቅመን ዘሩ ነው።

አሁን ወደ ራሴ ጥፋት ልምጣ። በተመደብኩበት የመጀመሪያ ዓመት «አቀንጭራን ንቀሉ» ብዬ አስተማርኩ። መቼ እንደሚነቀል ግን አጥብቄ አልተናገርኩም። አባታችን ከነቤተሰባቸው ነቀሉ፤ የነቀሉት ካበበና ፍሬ ከያዘ በኋላ ነበር። የነቀሉትንም እኔው እያየሁ ማሳው ዳር ከመሩት። ማቃጠል እንደነበረብን ኮሌጅ ተምሬው ነበር፤ ፈተናም ላይ ጽፌዋለሁ። በሚቀጥለው ዓመት ክረምት ጎርፉ ያንን ክምር ጠርጎ ወሰደው። ከዚያ በኋላ ከታች ያለው የጎረቤታቸው ማሳ ሐምራዊ ለበሰ። ሁለቱ ጎረቤታሞች በእኔ ምክንያት ለጥቂት ጊዜ ተኳርፈው ነበር። ዛሬ በሁሉም ፊት ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ሁለተኛው ነገር የጎብዬ ሙከራ ነው። በማሠልጠኛ ማዕከሉ መደብ ላይ ጎብዬንና የአገሩን ማሽላ ጎን ለጎን ዘራን። ዘሩ የደረሰን ዘግይቶ ነበር፤ ከየት እንደዘገየ መናገር አያስፈልግም፣ የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ማዳበሪያ ጨምረን፣ ቦዩን በየመሐሉ በአፈር ቋጥረን ውሃ እንዲይዝ አደረግን። ጎብዬው ላይ የወጣው አቀንጭራ በጣም ጥቂት ነበር። እኔ ደስታዬ ወሰን አጣ። ገበሬው ግን ዞሮ አየና «አገዳው አጭር ነው፤ በሬው ምን ይበላል? ጎጆውስ በምን ይታጠራል?» አለኝ። ቀድሞ ስለሚደርስም ወፍ ሁሉ እሱ ላይ ሰፈረ፤ እኔና ሁለት ተማሪዎች ወንጭፍ ይዘን ስንጠብቅ ሰነበትን። ያኔ ተናደድኩ። አሁን ሳስበው ገበሬው ትክክል ነው። ደጋሊትንና ጅጉርቲን ያህል አገዳ የሚሰጥ ማሽላ የለመደ ሰው ፍሬ ብቻ አይቆጥርም። ፕሮፌሰሩም ቢሆኑ እ.ኤ.አ. ከ2000 በኋላ በአገራችን ባስጀመሩት ሥራ ዘሩን ብቻውን አላቀረቡም፤ ከማዳበሪያና ከእርጥበት ጥበቃ ጋር አንድ ላይ ነው ያቀረቡት።

ስለዚህ ማሳውን በሙሉ በጎብዬ ሸፍኑ አልልም። የሚያዝያ ዝናብ ሲቀርና ረጅሙ ማሽላ ሳይዘራ ሲያልፍ፣ ወይም አንዱ ጥማድ በአቀንጭራ ሲወረር፣ ለዚያች ቁራሽ መሬት የሚሆን ዘር በእጃችን ይኑር ነው የምለው። እነዚህ ዘሮች እንደ ሱዳኑ ድቅል አይደሉም። ማሽላ በአብዛኛው በራሱ ዱቄት ስለሚራባ ከሌላ ማሽላ ራቅ አድርጎ ዘርቶ ባዕድ ዘለላውን እየነቀለ ለሚጠብቅ ገበሬ ለጥቂት ዓመታት ጠባያቸውን ይዘው ይቆያሉ። ታዲያ በየዓመቱ ከሩቅ የሚመጣ መኪና ስንጠብቅ ሐምሌ የሚያልፍብን ለምንድን ነው? ዩኒየናችን መጋዘን አለው፣ ሚዛን አለው፣ መሠረታዊ ማኅበራቱ በየቀበሌው አሉ። ጥቂት አባላትን ዘር አባዥ አድርጎ ውል ቢይዝና ከገበያው ዋጋ ትንሽ ጨምሮ ቢገዛቸው ሥራው ይጀመራል። ለተከበሩ አመራሮቻችንም አንድ ነገር ልጨምር። አቀንጭራ በሚነቀልበት በነሐሴ ወር የልማት ሠራተኛውን ለመዋጮና ለብድር ማስመለስ ሥራ አታሰማሩብን። ነሐሴ ካለፈ የሚነቀለው አበባ ያለው ነው፤ አበባ ያለው ከተነቀለ ደግሞ የሚሆነውን ከእኔ ጥፋት ሰምታችኋል።

የማቀናው ሐረማያ ነው፤ ፕሮፌሰሩ የተመረቁበት ግቢ። ለሥራ ላይ የልማት ሠራተኞች የሚሰጠው የዲግሪ ትምህርት እዚያ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1997 ነው። ተማሪው በመሐል ወደ ሥራ ቦታው ተመልሶ ከገበሬው ጋር ፕሮጀክት ይሠራል። የእኔን ርዕስ አስቀድሜ መርጫለሁ፤ አቀንጭራና የዘር ማባዛት፣ በዚሁ በእኛ ቀበሌ። አባታችን ማሳቸውን ይሰጡኝ እንደሆነ እስካሁን አልጠየቅኳቸውም። ከንግግሬ በኋላ እጠይቃቸዋለሁ፤ እምቢ ቢሉም አይፈረድባቸውም።

እኔ እስከ መስከረም መጨረሻ እዚሁ ነኝ። ማሳችሁ ላይ አቀንጭራ ያለባችሁ አባላት ከምሳ በኋላ መጋዘኑ በር ላይ መዝገብ ይዤ ስለምቆም ስማችሁንና የማሳችሁን ስፍራ አስመዝግቡ። ጎረቤታሞች አብራችሁ ብትመጡ ይሻላል፤ የነሐሴውን ነቀላ በደቦ የምናደርገው ነውና።