በሉበሮን ኰረብቶች ላይ በቢስክሌት
(በትምህርት ቤቱ በዓል ዕለት የተደረገ ንግግር)



ስለ ዕረፍት ጊዜዬ እንድናገር በተጠየቅሁ ጊዜ በመጀመሪያ አመንትቼ ነበር፤ ተዝናንቶ የመጣ ሰው ወሬ ላልሄደው ሰው ብዙ ጊዜ ያሰለቻልና። ነገር ግን ሰው መንደሩን ለምን ከኰረብታ አናት ላይ እንደሚሠራና ለምን ደግሞ ትቶት እንደሚወርድ በዚህ ጕዞ ያየሁትን ልነግራችሁ ወደድሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቈጣጠር ናቸው።

አገሩ ደቡብ ፈረንሳይ ነው፤ ፕሮቫንስ በሚባለው ክፍል ሉበሮን የተባለ የተራራ ሰንሰለት አለ። ከፍተኛው ጫፉ 1,125 ሜትር ብቻ ስለሆነ ለእኛ ለደገኞቹ ተራራ ሊባል አይገባውም ትሉ ይሆናል፤ አዲስ አበባ ከዚህ እጥፍ በሚበልጥ ከፍታ ላይ ናት። ይሁን እንጂ ቢስክሌት የሚነዳ ሰው የሚቈጥረው ከባሕር በላይ ያለውን ከፍታ ሳይሆን ከሸለቆው እስከ መንደሩ በር ያለውን ዳገት ነው።

እኔ ለቋንቋ ትምህርት ወደ ኤክስ ከተማ ሄጄ ነበር። ጊዜው እኛ ዘንድ ዝናብ የሚበረታበት፥ እዚያ ግን ፀሐይ የሚያቃጥልበት ወራት ነው። ትምህርቱ ሲያበቃ አንድ ፈረንሳዊ መምህር ጓደኛዬ ሁለት ቢስክሌት አዘጋጅቶ ለስድስት ቀን ይዞኝ ወጣ። ዕቃችን ከኋላ በታሰሩ ከረጢቶች ውስጥ ነበር፤ ቅያሪ ልብስ፥ የጐማ መንፊያ፥ መለጠፊያና ካርታ።

እንዲህ ላለው ጕዞ አባት የሚባል ሰው አለው። ፖል ደ ቪቪ በ1853 በዚሁ አካባቢ በፔርን ከተማ የተወለደ ሲሆን ኋላ በሴንት ኤትየን ተቀምጦ ‹ለ ሲክሊስት› የተባለ መጽሔት ያወጣ ነበር። ቢስክሌት ለእሽቅድምድም ብቻ ሳይሆን አገርን ለማየት ነው እያለ ይከራከር ነበር፤ ማርሽ መለወጫውም መሣሪያ የደካማ ሰው ነው ሲባል እርሱ ይደግፈው ነበር። የቱር ደ ፍራንስ አዘጋጆች መሣሪያውን በእሽቅድምድማቸው የፈቀዱት በ1937 ነው፤ ደ ቪቪ ግን በ1930 ሞቶ ነበር። በ1936 ደግሞ የፈረንሳይ ሠራተኞች በዓመት ሁለት ሳምንት ደመወዝ የሚከፈልበት ዕረፍት እንዲያገኙ ሕግ ወጣ፤ መኪና ያልነበራቸው ብዙ ወጣቶች በዚያው በጋ በቢስክሌት አገራቸውን ሊያዩ ወጡ።

ከካቫዮን ተነሥተን ወደ ምሥራቅ የሄድንበት መንገድ ቀድሞ የባቡር ሐዲድ ነበረ። ሐዲዱ ተነሥቶ ለቢስክሌትና ለእግረኛ ተደልድሏል። ባቡር ዳገት አይወድም፤ ስለዚህ የባቡር መንገድ ለጀማሪ እግር የተመቸ ነው። ሚስትራል የተባለው ኃይለኛ ነፋስም በዚያ ቀን ከኋላችን ነበር።

ወደ አፕት ከተማ ስንቃረብ ፖን ዡልየን የሚባለውን ድልድይ አገኘን። ሦስት ቅስት ያለው የድንጋይ ድልድይ ነው፤ ሮማውያን የሠሩት ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3 ዓመት ገደማ ነው። በቅስቶቹ መካከል ባሉት ምሰሶዎች ላይ መስኮት የመሰለ ቀዳዳ ተትቷል፤ ጐርፍ ሲሞላ ውሃው በዚያ ስለሚያልፍ ድልድዩን አይገፋውም። መኪና እስከ 2005 ድረስ ይሻገርበት ነበር! በዚያ ዓመት በአጠገቡ ሌላ ድልድይ ተሠርቶ አሮጌው ለእኛ ለቢስክሌተኞችና ለእግረኞች ተተወልን። ሁለት ጊዜ ተመላለስሁበት፤ ጓደኛዬ ሳቀብኝ።

ከድልድዩ ሆኖ ቀና ያለ ሰው መንደሮቹን ያያል። በደቡብ ቦኒዮ፥ ላኮስት፥ ሜኔርብና ኦፔድ፤ በሰሜን ሩሲዮንና ጎርድ። ሁሉም ከኰረብታ ላይ የተቀመጡ ናቸው። እርሻው ታች ነው፥ ወንዙም ታች ነው፥ ቤቱ ግን ላይ ነው። ይህ እኛ አምባ የምንለው ነው፤ ምክንያቱም ያው ፍርሃት ነው። ዘራፊና ወታደር በሸለቆው በሚመላለስበት ዘመን ግንብና አንድ ጠባብ በር ያለው አናት ከለም ሜዳ ይሻል ነበር። ገበሬው ጧት ወደ እርሻው ወርዶ ማታ ከበቅሎው ጋር ይወጣል። እኔ ማርሽ ባለው ቢስክሌት አንድ ጊዜ ወጥቼ ጕልበቴ ሲንቀጠቀጥ፥ ያ ሰው በየቀኑ ለጸጥታው ምን ያህል ይከፍል እንደ ነበረ ተረዳሁ።

ሩሲዮን ቀይ ናት። ብረት የበዛበት አሸዋዋ ታጥቦ፥ ደርቆና ተቃጥሎ ኦክር የተባለ ቀለም ይወጣዋል፤ ቢጫው በእሳት ቀይ ይሆናል። በፋብሪካ የሚሠራ ቀለም ሲመጣ ሥራው ተዳከመ። ከ1942 ጀምሮ ደራሲው ሳሙኤል ቤኬት ከጀርመኖች ሸሽቶ እስከ ጦርነቱ ፍጻሜ ገደማ እዚህ ተደብቆ ኖሯል። ጎርድ ከሁሉ የተዋበች ናት ይባላል፤ እኔ ግን በመኪናና በፎቶግራፍ አንሺ ብዛት ተጨንቄ ቶሎ ለቀቅኋት። ከሥሯ ያለው በ1148 የተመሠረተው የሴናንክ ገዳም እጅግ ጸጥ ያለ ነው፤ ዙሪያው የሚታወቅበት ላቬንደር አስቀድሞ ታጭዶ ነበር።

በአእምሮዬ የቀረችው ኦፔድ ናት። ቢስክሌታችንን ከታች አስረን በእግር ወጣን። ግማሹ ጣራ የለውም፤ በቀድሞው ማድ ቤት ውስጥ የበለስ ዛፍ በቅሏል፤ ከላይ የፈረሰ ግንብና አንድ ቤተ ክርስቲያን ቆሟል። ሕዝቡ በ19ኛውና በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ወደ ሜዳው ወረደ። ጸጥታ ከሆነ በኋላ በየቀኑ ዳገት የሚወጣ ማን ነው? ደግሞም ኑሮው ራሱ ተመቷል። በ1850ዎቹ የሐር ትል በበሽታ አለቀ፤ በስሙ አዲስ አበባ ውስጥ ሰፈር የሚጠራለት ሉዊ ፓስተር በ1865 ወደ ደቡብ የወረደው ይህን በሽታ ለመመርመር ነው። በ1860ዎቹ ፊሎክሴራ የተባለች ተባይ የወይኑን ሥር በላች። ከሥሩ ቀይ ቀለም የሚወጣው ጋራንስ የተባለ ተክል ደግሞ የዚህ አውራጃ ትልቅ ገቢ ነበር፤ በ1868 ሁለት የጀርመን ኬሚስቶች ያንኑ ቀለም በቤተ ሙከራ ሠሩትና የጋራንስ ገበያ ወደቀ። የኬሚስትሪ ተማሪዎች ሆይ፥ አንድ ግኝት ከሩቅ አገር የማያውቀውን ገበሬ እንዴት እንደሚያገኘው ተመልከቱ! ከዚያም የ1914ቱ ጦርነት መጣ። በየመንደሩ አደባባይ ያልተመለሱት ስም የተቀረጸበት ድንጋይ አለ፤ በአንዱ ላይ የአንድ ቤተሰብ ስም ሦስት ጊዜ ቈጠርሁ።

በ1940 ቤርናር ዜርፉስ የተባለ አርክቴክት ከጥቂት የኪነ ጥበብ ሰዎች ጋር ወደ ባዶዋ ኦፔድ መጥቶ ተቀመጠ። ዛሬ በነዚህ መንደሮች ብዙ ቤት ታድሷል፤ ጓደኛዬ እንደ ነገረኝ ግን ባለቤቶቹ አያሌዎቹ የከተማና የውጭ አገር ሰዎች ስለሆኑ በቅዝቃዜው ወራት መስኮቱ ዝግ ነው። ስለዚህ ወደ አንድ መንደር ስገባ መጀመሪያ የምጠይቀው ዳቦ ቤት አለ ወይ ብዬ ነው። ዳቦ ቤት ካለ ሰው አለ።

ከቦኒዮ ተራራውን በሚሰነጥቀው ሸለቆ ወርደን ሉርማሬን ደረስን። በዚያ መቃብር አልቤር ካሙ ተቀብሯል፤ በ1960 በመኪና አደጋ የሞተው ነው። ድንጋዩ ስሙንና ዓመታቱን ብቻ የያዘ ትንሽ ነገር ነው። ካሙ በ1957 የኖቤል ሽልማት ባገኘ ጊዜ ለአንደኛ ደረጃ መምህሩ ለሉዊ ዠርመን የምስጋና ደብዳቤ መጻፉን ለዛሬው በዓል ስል አነሣለሁ፤ መምህሮቻችን ይስሙልኝ።

በመጨረሻው ቀን ሜሬንዶል ወጣን። በዚህ አገር ቮዱዋ የተባሉ ክርስቲያን ገበሬዎች ይኖሩ ነበር፤ በ12ኛው መቶ ዓመት ሊዮን ላይ የተነሣውን የነጋዴውን የቫልዶን ትምህርት ተከትለው ወንጌልን በገዛ ቋንቋቸው ያነቡ ነበር። የኤክስ ፍርድ ቤት በ1540 መንደሪቱ እንድትጠፋ ፈረደ፤ በአፕሪል 1545 ፍርዱ ተፈጸመ። ወታደሮቹን ያዘመተው የዚያው ፍርድ ቤት ሹም የኦፔድ ባሮን ዣን ሜኒዬ ነው፤ አዎን፥ ያ ጣራ የሌለው ግንብ ጌታ። ሜሬንዶልና ሌሎች ብዙ መንደሮች ተቃጠሉ፥ ሰው በሰይፍ አለቀ፥ የተረፉት ብዙ ወንዶች መርከብ ቀዛፊ ባሮች ሆኑ። በ1551 ነገሩ በፓሪስ ፍርድ ቤት መታየት ጀመረ፤ ባሮኑ በነፃ ተለቀቀ። አምባው በዚያ ቀን አላዳናቸውም፤ የመጣባቸው የገዛ አገራቸው ሕግ ነበርና። ዛሬ ከላይ ፍርስራሽና አንድ የመታሰቢያ ጽሑፍ አለ፤ ሕዝቡ የሚኖረው ከሥሩ በተሠራው መንደር ነው። ከፍርስራሹ ላይ ሆነን የዱራንስን ወንዝ እያየን ያለ ወሬ ምሳችንን በላን።

ከዚያ እስከ ካቫዮን ያለውን መንገድ ነፋሱ ፊት ለፊት መታን፤ በጨዋታ የሚያልቅ ሰዓት ከሁለት ሰዓት በላይ ወሰደብን። ካርታውን በቤተ መጻሕፍቱ ግድግዳ ላይ ሰቅዬዋለሁ፤ መንገዱ በቀይ እርሳስ ተሠምሯል፥ ዳገቶቹም በሰማያዊ።