የፍርድ ሚዛንና የለቅሶ ቤት

በእድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር



 የተሰጠኝ ጊዜ አጭር ስለሆነ በቀጥታ ወደ ጉዳዩ እገባለሁ። ርእሱ የሚያስደስት አይደለም። ይሁን እንጂ እድር የሚቋቋመው ለክፉ ቀን ነውና ስለ ክፉ ቀን አስቀድሞ መነጋገር ሥራችን ነው።

ጥያቄው እንዲህ የሚል ነው። ሕፃን ልጅ በጋለ መኪና ውስጥ ቀርቶ ሲሞት ወላጁ በአንድ ቀን ሁለት ስም ያገኛል፤ ሐዘንተኛም ተጠርጣሪም ይሆናል። ታዲያ እድርተኛው ወደዚያ ቤት እንዴት ይግባ? ምን ይበል? ምንስ ከማለት ይቆጠብ?

"ኧረ ከኛ ይራቅ" ትሉ ይሆናል። ይራቅልን። ነገር ግን እኛ የምንኖረው በጆርጂያ ነው። በጋው ብርቱ ነው፤ ያለ መኪና የትም አይደረስም፤ ባልና ሚስት ሌትና ቀን ተፈራርቀው ይሠራሉ። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1998 ወዲህ በመላው አሜሪካ አንድ ሺሕ ያህል ሕፃናት በዚህ ዓይነት ሞተዋል። በ2018 እና በ2019 ደግሞ በያንዳንዱ ዓመት ከ50 በላይ ሞቱ። ከነዚህ ውስጥ ከግማሽ የሚበልጡት ተረስተው የቀሩ ናቸው። አንድ አራተኛ ያህሉ ሲጫወቱ ራሳቸው ገብተው መውጣት ያቃታቸው ናቸው። የቀሩት "አሁን መጣሁ" ተብለው አውቆ የተተዉ ናቸው።

መኪና እንዴት እንደሚግል ብዙ ሰው አይገምትም። ውጪው 27 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ቢሆን በአንድ ሰዓት ውስጥ የመኪናው ሆድ ወደ 49 ይደርሳል። አብዛኛው ጭማሪ የሚሆነውም በመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ነው። መስኮት ትንሽ ከፈት ማድረግ ይህ ነው የሚባል ጥቅም የለውም። የሕፃን ገላ ደግሞ ከዐዋቂ ገላ ይልቅ ከሦስት እስከ አምስት እጥፍ ፈጥኖ ይግላል።

አሁን ብዙዎቻችሁ ወደምታስታውሱት ነገር ልምጣ። ጁን 18 ቀን 2014 እዚሁ አትላንታ አጠገብ በኮብ ካውንቲ አንድ የ33 ዓመት አባት ሁለት ዓመት ሊሞላው ጥቂት የቀረውን ልጁን ቁርስ አበላ። ከዚያም ልጁን ወደ ሕፃናት መዋያ ማድረስ ሲገባው በቀጥታ ወደ ሥራው ነዳ። ከቁርስ ቤቱ እስከ መሥሪያ ቤቱ አንድ ማይል እንኳ አይሞላም። ልጁ ከኋላ፣ ፊቱን ወደ ኋላ አዙሮ እንደታሰረ ሰባት ሰዓት ያህል ቆየ። ቀትር ላይ አባትየው የገዛውን አምፖል ሊያስቀምጥ መጥቶ የመኪናውን በር ከፍቶ ተመልሷል። ከቀኑ 10 ሰዓት ካለፈ በኋላ መኪናውን አስነሥቶ ጥቂት እንደሄደ አንድ የገበያ ቦታ ላይ ቆመ፤ ልጁን አውጥቶም ይጮኽ ጀመር። ልጁ ግን ሞቶ ነበር።

ፖሊስ ስልኩን ሲመረምር ሌላ ጉድ ወጣ። ሰውየው በዚያው ቀን ጭምር ከልዩ ልዩ ሴቶች ጋር፣ ዕድሜያቸው ካልደረሰ ልጃገረዶች ጋር ሳይቀር፣ ጸያፍ መልእክት ይለዋወጥ ነበር። ዐቃቤ ሕግም ከትዳርና ከልጅ ነጻ ለመውጣት ሲል ሆን ብሎ ገድሎታል ብሎ ከሰሰው። ጠበቆቹ በበኩላቸው መጥፎ ባል መሆኑን ሳይክዱ ልጁን ግን ረሳው እንጂ አልገደለውም አሉ። ወሬው አገሩን ስላጥለቀለቀው ችሎቱ ወደ ብረንስዊክ ከተማ ተዛወረ። በኖቬምበር 2016 ጥፋተኛ ተባለ። በሚቀጥለው ወር አመክሮ የሌለው የዕድሜ ልክ እስራትና ተጨማሪ 32 ዓመት ተፈረደበት።

ነገሩ እዚያ አላበቃም። በጁን 2022 የጆርጂያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ6 ድምፅ ለ3 የግድያውን ፍርድ ሻረው። ምክንያቱን ልብ ብላችሁ እንድትሰሙልኝ እለምናለሁ፤ የዛሬው ንግግሬ ፍሬ ነገር ያለው እዚህ ላይ ነውና። በችሎቱ ላይ ሁለት ጥያቄዎች ነበሩ። አንደኛው፣ ይህ ሰው ልጁን ሆን ብሎ ትቶታል ወይ? ሁለተኛው፣ ይህ ሰው ምን ዓይነት ሰው ነው? ለሁለተኛው ጥያቄ የማስረጃ ክምር ቀረበ። ሰውየው ለሚስቱ ያልታመነ፣ ነውረኛ መሆኑ በሚገባ ታየ። ነገር ግን የነውሩ ብዛት የመጀመሪያውን ጥያቄ አልመለሰም፤ ይልቁንም ፈራጆቹን በሰውየው ላይ አስቆጣ። ሦስቱ ዳኞች በዚህ አልተስማሙም፤ ሰውየው ለመግደል የነበረውን ምክንያት ለማሳየት ያ ሁሉ መቅረብ ነበረበት አሉ። ይህም አስተያየት እንዲሁ የሚጣል አይደለም። በሜይ 2023 ዐቃቤ ሕግ የግድያውን ክስ ዳግመኛ እንደማያቀርብ አስታወቀ። ሰውየው ለአካለ መጠን ባልደረሰች ልጅ ላይ ለፈጸመው ወንጀል የተፈረደበትን ጨርሶ በጁን 2024 ከእስር ወጣ።

"እንግዲያው ንጹሕ ነው ማለት ነው?" ብትሉኝ፣ አይደለም። ፍርድ ቤቱ ንጹሕ ነው አላለም። እንዲያውም ማስረጃው ጥፋተኛ ለማለት ሊበቃ ይችል እንደነበረ ገልጿል። ያለው ነገር ቢኖር የተመዘነበት ሚዛን የተዛባ ነበር ነው። ጥርጣሬው እስከ ዛሬ እንዳለ ነው።

በዚህ ሁሉ መካከል የልጁን እናት አስቡ። እንባዋ አነሰ ተብሎ እሷም ሳትቀር በየዜናው ተጠረጠረች፤ ክስ ግን ከቶ አልቀረበባትም። በ2016 ችሎት ስትቆም ባሏን ፈታው ነበር። ትዳሯን እንዳፈረሰውና እንዳዋረዳት ሳትሸሽግ ተናገረች። ልጁን ግን ይወድ እንደነበረ መሰከረች። ከሁሉ ይበልጥ የተበደለችው ሴት ሁለቱን ጥያቄዎች ለየብቻ መመዘን ከቻለች፣ እኛ በሩቅ ያለነው እንዴት ያቅተናል?

ከሕግ ወዲያ ደግሞ የአእምሮ ነገር አለ። "የገዛ ልጅ እንዴት ይረሳል?" የማይል የለም። በደቡብ ፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምሩት ዴቪድ ዳይመንድ ይህን ጉዳይ ለብዙ ዓመታት አጥንተዋል። እንደርሳቸው አገላለጽ ሰው የሚሠራው በሁለት ዓይነት ትውስታ ነው። አንደኛው በልማድ የሚነዳን ነው፤ ሳናስበው ከቤት ሥራ የሚያደርሰን እሱ ነው። ሁለተኛው "ዛሬ እግረ መንገዴን ይህን ላድርግ" የምንልበት ነው። እንቅልፍ ሲያጣን፣ ሐሳብ ሲበዛብን፣ የዕለቱ ፕሮግራም ሲለወጥ ልማዱ ሌላውን ይረታዋል። ሕፃኑ ተኝቶ ድምፅ ካላሰማ አእምሮ "አድርሼዋለሁ" ብሎ ያርፋል። ይህ ፍቅር ማነስ አይደለም። በ2008 በቨርጂኒያ በፌርፋክስ ካውንቲ ልጁን ረስቶ የሞተበትን አንድ አባት ዳኛው በነጻ አሰናብቶታል።

ታዲያ እያንዳንዱ ወላጅ ረስቶ ነው ማለት ነው? ይህም አይባልም። ጨክኖ የሚተው አለ፤ ቸል የሚል አለ። የሞተው ሕፃንም ፍትሕ ይገባዋል፤ አፍ የለውምና። ስለዚህ "እኛ እናውቀዋለን፣ እሱ እንዲህ አያደርግም" ብሎ ማስተባበልም ያው ፍርድ ነው። የሚያውቀው ነገር ያለው ሰው ለመርማሪና ለፍርድ ቤት እውነቱን ይናገር። ቡና ላይ አያውራው።

የእድራችንን ሰብሳቢ "ዳኛ" ብለን እንጠራለን። ዳኝነቱ ግን በወርኃዊ መዋጮና በመቀጫ፣ ቀብር በቀረ ሰው ላይ ነው። በአሟሟት ላይ አይደለም። ስለሆነም እንዲህ ያለው ነገር ከመምጣቱ በፊት ጉባኤው እንዲስማማባቸው የምለምናቸው አራት ነገሮች አሉ።

አንደኛ፣ ሟቹ የአባል ልጅ ነው። ለቀብሩ የሚገባው ገንዘብ፣ ወንበሩ፣ ምግቡ፣ ለቅሶ ደራሹ ያለ አንዳች ጥያቄ ይድረስ። ምርመራው እስኪያልቅ እንጠብቅ አይባል።

ሁለተኛ፣ ሐዘንተኛውን ብቻውን አንተው። በ2022 በቨርጂኒያ አንድ አባት ልጁ በመኪና ውስጥ እንደሞተ በዚያው ቀን ራሱን አጥፍቷል። ቢያንስ እስከ አርባው ድረስ በተራ የሚያድር ሰው ይመደብ።

ሦስተኛ፣ ጠበቃና ጥሩ አስተርጓሚ ፈጥነን እንፈልግለት። በኛ ለቅሶ ደረት እየተመታ "ልጄን፣ እኔ ነኝ የገደልኩህ" ማለት ያለ ነው። ይህ ቃል በቁሙ ተተርጉሞ በፖሊስ መዝገብ ቢሰፍር ምን ሊመስል እንደሚችል አስቡት። እንዲሁም አንዳንዱ ሰው ሲደነግጥ ይደርቃል እንጂ አያለቅስም። እንባ የጥፋት መለኪያ አይደለም።

አራተኛ፣ ለቅሶ ቤት ገብቶ "እንዴት ረሳኸው? ምን ሆነህ ነው?" አይባልም። ከእኛ ይበልጥ ራሱን ሲጠይቅ የሚኖር እሱ ነው። "እግዜር ያጥናህ" ብሎ መቀመጥ ይበቃል። ከአፍ ከወጣ አፋፍ እንዲሉ፣ በለቅሶ ቤት ያመለጠ ቃል ፍርድ ቤት ነጻ ቢለውም አይመለስም።

ከሁሉም በላይ ግን ለቅሶው እንዳይመጣ ማድረግ ይሻላል። የግራ ጫማችሁን ወይም የእጅ ቦርሳችሁን ከሕፃኑ ጎን ከኋላ አስቀምጡ፤ ሳትወስዱት አትሄዱምና። ልጁ በሰዓቱ ካልደረሰ ወዲያው እንዲደውሉ ከመዋያው ጋር ተስማሙ። ልጁን የሚያደርሰው ሰው በተለወጠ ቀን ባልና ሚስት "አደረስከው? አደረስሽው?" ተባባሉ። ቤት ስትገቡ መኪናውን ቆልፉ፤ ቁልፉንም ልጆች ከማይደርሱበት ስቀሉ። በቆመ መኪና ውስጥ ብቻውን ያለ ሕፃን ያየ ሰው ባለቤቱን ፍለጋ አይዙር፤ በቶሎ 911 ይደውል።

ፍርዱን ማስረጃ አይቶ የሚመዝን ዳኛ አለ። የኛ ድርሻ ግን በዚያ ቤት ደጃፍ ቀድሞ መድረስ ነው።