መካከለኛ ውጤትና የሁለተኛ ዲግሪ ምርጫ



እዚህ ወልቂጤ ምሕንድስናን በመካከለኛ ውጤት የሚፈጽም ተማሪ ሁለተኛ ዲግሪ ሲያስብ፥ ወይ ስሙ የገነነውን ትምህርት ቤት ብቻ ይመርጣል፤ ወይ ፈርቶ ይተወዋል። ሁለቱም አይጠቅሙም።

አስቀድሞ የሚያጠናውን ጉዳይ ይወስን፤ ከዚያም በዚያው ጉዳይ የሚሠራ መምህር ያለበትን ክፍል ይፈልግ። የቡታጅራ የመስኖ ነገር የሚያሳስበው፥ በ1979 ዓ.ም. በውሃ ቴክኖሎጂ ተቋምነት የተጀመረውን አርባ ምንጭን ይመልከት። እናቶቻችን እንሰት ሲፍቁ የሚደክሙትን ድካም በመሣሪያ ለማቅለል የሚሻም፥ የእርሻ መሣሪያ የሚነድፍ የሜካኒካል ክፍል ይምረጥ። የመመረቂያ ሥራውም በዚሁ ላይ ቢሆን፥ ተቀባዩ መምህር ከነጥቡ ሌላ የሚያየው ነገር ያገኛል።

ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ ብሔራዊ የመግቢያ ፈተና አለ፤ ለዚህም ከአሁኑ እንዘጋጅ።

የላኩን ወላጆች የሚጠብቁት ይዘን የምንመለሰውን ሥራ ነው።