ጀልባው ሲጠጋ

አቅራቢት፦ ሲያትል ያላችሁ አድማጮቻችን የሳን ዋን ደሴቶችን ታውቋቸዋላችሁ። በበጋ ጎብኚው ዓሣ ነባሪ ሊያይ በጀልባ ይጎርፋል። በዚያ ባሕር ከሚመላለሱት ኦርካዎች “የደቡብ ነዋሪ” የሚባሉት ሰማንያ እንኳ አይሞሉም። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2005 ሊጠፉ ከተቃረቡ እንስሳት ተርታ መዝግባቸዋለች። ልናያቸው የምንሄድበት ጀልባ ደግሞ ይጎዳቸዋል።

አቅራቢ፦ ጀልባው መቼ ይነካቸዋል? ጉዳቱ ምኑ ላይ ነው?

አቅራቢት፦ ድምፁ ነዋ! ኦርካ ሳልሞን የሚያድነው በጆሮው ነው። ድምፅ ይለቃል፤ ዓሣው ላይ ነጥሮ የሚመለሰውን ያዳምጣል። ሞተር ሲያጓራ ያ ድምፅ ይዋጣል። ተመራማሪዎች እንዳዩት ጀልባ ሲጠጋ በተለይ ሴቶቹ አደናቸውን ይተዋሉ። እናት ከተራበች ግልገሏ ምን ይጠባል?

አቅራቢ፦ እ.ኤ.አ. በ2018 የሞተ ግልገሏን 17 ቀን ተሸክማ የዋኘችው ኦርካ ታህሌኳም ከእነዚሁ ናት።

አቅራቢት፦ አዎ፣ ከእነሱ ናት።

አቅራቢ፦ ቢሆንም ጥፋቱን ሁሉ አስጎብኚዎች ላይ መጫን አይዋጥልኝም። የኦርካዎቹ ዋና ምግብ የሆነው ቺኑክ ሳልሞን ተመናምኗል፤ ወንዞቹ ተገድበዋል፤ በስባቸው ውስጥ የተከማቸ የኬሚካል መርዝ አለ። የጭነት መርከቦቹስ ጩኸት?

አቅራቢት፦ ልክ ነህ። ግን ሳልሞኑን መመለስ ዓመታት ይፈጃል፤ ሞተርን ማራቅ ዛሬውኑ ይቻላል። የዋሽንግተን ግዛት እ.ኤ.አ. ከ2025 መግቢያ ጀምሮ ጀልባዎች ከእነዚህ ኦርካዎች 1,000 ያርድ፣ ማለትም 900 ሜትር ያህል እንዲርቁ በሕግ አዟል። ደግ አደረገ!

አቅራቢ፦ ታዲያ ጎብኚው ምን ሊያይ ነው?

አቅራቢት፦ ሃምፕባክ ዓሣ ነባሪዎች አሉ፤ ቁጥራቸው የጨመረ፣ አቆስጣ የሚያድኑ ሌሎች ኦርካዎችም አሉ። የደቡብ ነዋሪዎቹን ማየት የፈለገ ደግሞ እዚያው ደሴቶቹ ላይ ወዳለው ላይም ኪልን ፓርክ ይሂድ፤ ከባሕሩ ዳር ቋጥኝ ላይ ቁጭ ብሎ ይጠብቃቸው።